የዊርልፑል ልብስ ማድረቂያ ኪት 4392065፦ ድምፁን ይፈታል፣ ሙቀቱን አይፈታም

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጡ ወይም ከዲፕሎማት ቤት የተገዙ የዊርልፑል ልብስ ማድረቂያዎች ከካዛንቺስ እስከ አራት ኪሎ ባሉ አፓርታማዎች አልፎ አልፎ ይገኛሉ። በጋውን ማንም አያስታውሳቸውም። ሐምሌ ላይ ልብሱ ገመድ ላይ እየዋለ እያደረ አልደርቅ ሲል ግን ሁሉም ማሽኑን ይቀሰቅሳል። ጉዳቸውም ያኔ ይወጣል፦ ከበሮው እያንኳኳ ይዞራል፣ ወይም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ከበሮው ንቅንቅ አይልም። 4392065 የሚባለው የመለዋወጫ ኪት የተሠራው ለእነዚህ ሁለት ችግሮች ብቻ ነው።

ውስጡ አንድ ቺንጋ፣ ከበሮውን ከኋላ የሚሸከሙ ሁለት ሮለሮች፣ ቺንጋውን የሚወጥር ፑሊ ከነክንዱ እና ሮለሮቹን የሚይዙ ባለ ሦስት ማዕዘን የፕላስቲክ ቀለበቶች አሉ። የሚሆነው 29 ኢንች ስፋት ላላቸው፣ የብናኝ ማጣሪያቸው ከላይ ለሚመዘዝ ማሽኖች ነው፤ ለ27 ኢንቹ 4392067 የሚባል ሌላ ኪት አለ። ቺንጋ ብቻ ተበጥሶ ሙሉ ኪት መግዛት ብክነት ይመስላል፤ አይደለም። ቺንጋ በአብዛኛው የሚበጠሰው ፑሊው ደርቆ ስለተያዘ ወይም የሮለሩ ጎማ ተበልቶ ከበሮው ስላዘመመ ነው። በተያዘ ፑሊ ላይ አዲስ ቺንጋ ብታስገቡ ይፋተጋል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል። ለአንዱም ለሁሉም የሚፈታው ላሜራ ደግሞ ያው ነው።

ሥራው ካቻቢቴ፣ 8 ቁጥር ቁልፍና ቀጭን የስቱኮ ማንኪያ ይበቃዋል። መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። ከማጣሪያው አፍ ሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፍቱ፣ ማንኪያውን ከፊት በኩል ከጠርዞቹ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርጋችሁ ክዳኑን አስለቅቁትና ወደ ላይ ክፈቱት። የበሩን ማብሪያ ሽቦ ነቅላችሁ ከውስጥ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ስትፈቱ የፊት ላሜራው ይወጣል። ከበሮውን በአንድ እጅ ደግፉ፤ ፊቱ የተቀመጠው ላሜራው ላይ ስለሆነ ይወድቃል። የሮለሩን ብረት በጨርቅ ጠርጉ፤ በጣት ሲዳሰስ ቦይ ካወጣ አዲሱም ሮለር ስለሚያንኳኳ ብረቱም መቀየር አለበት። ግሪስ አትቀቡ፤ ብናኝ ሰብስቦ ይለጥፋል። ቺንጋው ሸንተረሩ ወደ ከበሮው ዞሮ፣ አሮጌው ምልክት በተወበት መስመር ላይ ይቀመጣል። ሰው የሚደናገረው ፑሊው ጋ ነው፦ ክንዱ በብሎን አይታሰርም፣ ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ የሚይዘው የቺንጋው ውጥረት ነው። ቺንጋውን በፑሊው ሥር አሳልፋችሁ የሞተሩ ዘንግ ላይ ጠምጥሙት፣ ከዚያ ከበሮውን በእጅ ጥቂት ዙር አዙሩት። ቺንጋው ከመስመሩ ከሸሸ አሁን ነው የሚታየው።

ማሽኑ ካልሞቀ ኪቱ ምንም አይረዳም። ማሞቂያው ሬዚስታንስ በ240 ቮልት 5,400 ዋት ነው፣ ከእንጀራ ምጣድ በላይ ይስባል። በእኛ 220 ወደ 4,500 ዋት ይወርዳል፤ ማታ ምጣዱ ሁሉ ተሰክቶ መስመሩ 190 ሲገባ ደግሞ 3,400 አካባቢ ነው። ስለዚህ ልብስ ቢያዘገይ ቀድማችሁ ቮልቱን ለኩ፣ አራት ኢንቹን የአየር መውጫ ቱቦም ጥረጉ። ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሳ በ91 ዲግሪ የሚቆርጠውን ፊውዝ 3392519ን በቴስተር ፈትሹ። በሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት የተለመደ ነው፤ እሳት የሚነሳውም እንዲሁ ነው።

ሌላው አደጋ ገመዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለው 240፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው 120 ነው። እዚህ ስሪ ፌዝ ባለበት ቤት ባለሙያው ሁለት ፌዝ ካስገባ 380 ቮልት ይደርሰዋል፣ ማሽኑም አበቃለት። ትክክለኛው ለሬዚስታንሱ አንድ ፌዝና ኒውትራል፣ ለሞተሩ ለብቻው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ፣ ከ1,500 ዋት የማያንስ ትራንስፎርመር ነው። ሞተሩ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ስለሆነ በ50 ኸርዝ በስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሙሉ 120 ከሰጣችሁት ይግላል፣ 110 ይሻለዋል።

መርካቶ ይህን ቺንጋ መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ርዝመቱ 234 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ቺንጋ አይደርስለትም። ሮለሩን ቶርኖ ቤት ከፕላስቲክ ያወጡታል፣ ይዞራልም፤ ጎማ ስለሌለው ግን ጩኸቱ ከአሮጌው ይብሳል። ኪቱ ቀላል ዕቃ ስለሆነ በመንገደኛ ማስመጣት ይሻላል። ለዘመድ ከመላካችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሡና ከኪቱ ቁጥር ጋር አብራችሁ ስደዱ፤ ፊውዙንም ጨምሩበት።