ለጠባብ ቤት የመንዝ ዝተት ይሻላል ወይስ የፋብሪካ ምንጣፍ?

ደብረ ብርሃን ላይ ጠባብ ቤት የሚያሳምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሶፋ ወይም ከመጋረጃ ነው። እኔ ግን ከወለሉ ጀምሩ እላለሁ። ከተማዋ ያለችው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሊሾው አያስረግጥም። ሶስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ነገር የቤቱን መልክ ይወስነዋል። ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፤ ከመንዝ በግ ሱፍ በእጅ የሚሸመነው ዝተት ወይም የፋብሪካ ምንጣፍ።

የፋብሪካው ሰው ሰራሽ ምንጣፍ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀለሙም መጠኑም እንደ ልብ ይገኛል። ሻይ ቢደፋበት ክሩ ውሃ ስለማይመጥ ቶሎ ይደርቃል። ብል አይበላውም። ነገር ግን ቀጭኑ ዓይነት ብርዱን እምብዛም አያግድም። ሰው በሚመላለስበት በኩልም ቶሎ ይተኛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት ፍንጣሪ ፍም ሲወድቅበት ይቀልጣል። ያ ጥቁር ጠባሳ ደግሞ በምንም አይለቅም። ሱፍ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም።

የመንዝ በግ ጸጉር ሸካራ ነው። ለሹራብ ቢኮሰኩስም ለወለል ግን ጥንካሬው ይኸው ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ያልተነከረው ዝተት ቀለሙ የበጉ የራሱ ነው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ዳለቻ። እነዚህ ቀለሞች ከየትኛውም ግድግዳ ጋር ይስማማሉ። ደግሞም አንዱ ዝተት ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም። ቤቴ የራሴን መልክ ይያዝ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ክረምት ሲበረታ ደግሞ ከወለል አንስታችሁ፣ አራግፋችሁ አልጋ ላይ ልትደርቡት ትችላላችሁ።

ችግሩንም ልንገራችሁ። አዲስ ዝተት በግ በግ ይሸታል፤ ጥቂት ቀን አየር ላይ መሰንበት አለበት። በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይኮማተራል። ሲረጥብ በጣም ይከብዳል፣ ለመድረቅም ፀሐይና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ካላስመታችሁት ብል ይገባዋል።

ስትገዙ ሙሉ በሙሉ አስዘርጉት። የእጅ ሸማኔ የሚያወጣው ስፋት የተወሰነ ስለሆነ ሰፊው ዝተት የሚሰራው ቁራጮች ተያይዘው በመሰፋት ነው። ስለዚህ ስፌቱን ጎተት አድርጋችሁ እዩ። ሱፍ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ ትንሽ ክር በክብሪት አቃጥሉ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ሰው ሰራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ከሸማኔው በቀጥታ በክፍላችሁ ልክ ማዘዝ ይሻላል።

የሚድህ ልጅ ካላችሁና ማስጫ ቦታ ከሌላችሁ የፋብሪካውን ግዙ፤ ወፈር ያለውን፣ ያውም አንድ ቀለም ያለውን። ከዚህ ውጭ ላላችሁ ምርጫዬ ዝተት ነው። ገንዘቡ ለሙሉ ክፍል ካልበቃ መቀመጫው ፊት ለፊት የምትነጠፍ አንዲት ትንሽ ዝተት ትበቃለች። ክፍሉን በሙሉ ከሚሸፍን ርካሽ ምንጣፍ እሷን እመርጣለሁ።

መቀመጫውስ? ሶስት፣ አንድ፣ አንድ የሚባለው ሶፋ ከ12 ካሬው ክፍል ከሩብ በላይ ይወስድባችኋል። መጅሊስ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት ከዚያ ዝቅታ መነሳት ይቸገራሉ። እንደ ድሮው መደብ በወንበር ቁመት ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ የእንጨት መቀመጫ አናጢ ቢሰራላችሁ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ከስሩ ብርድ ልብስና ጫማ ይቀመጥበታል፣ ከላይ ፍራሽ፣ በላዩም አጎዛ ይነጠፍበታል። መጋረጃው አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። ግድግዳው ላይ አንድ ጥሩ ሰፌድ ይበቃል።

ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ግን በራችሁን ከፍታችሁ ከስሩ ስንት ጣት ክፍተት እንዳለው ለኩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ወፍራም ምንጣፍ ይዞት ሲቀር በሩን ማስላጥ ሌላ ወጪ ነው።