የእሁድ ገበያ በርበሬ ልትገዙ የምትወጡ፣ ይህን አንብባችሁ ውጡ

ገና ከገበያ መመለሴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነገ ብዬ ባሳድረው ንዴቱ ይበርድና እተወዋለሁ፣ አጭበርባሪዎቹም የሚኖሩት እንደኔ ዓይነቱ ስለሚተወው ነው።

እሁድ ገበያን ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ፣ የዋጋ ሰሌዳው፣ "ከአምራቹ በቀጥታ" የሚለው ባነር። መሐል ላይ ደላላ የለም ተብለን ነው ሁላችንም ዘንቢል ይዘን የምንወጣው። እኔ ሽንኩርትና ድንቹን ከዚያ ነው የምገዛው፣ አማርሬ አላውቅም። በርበሬ ግን ሌላ ነው። ሽንኩርት ቢበላሽ የሳምንት ነው፣ በርበሬ የዓመት ነው።

ጊዜውም አሁን ነው። ጥቅምትና ህዳር የተለቀመው ደርቆ ገበያ ገብቷል፣ የታህሳስ ፀሐይ ለማስጣት ይመቻል። ለገና ዶሮ አዲስ በርበሬ ይድረስልኝ ብዬ ከደመወዜ ሦስት ወር አጠራቅሜ ነበር።

ባለፈው እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሰውየውን ሳታውቁት አትቀሩም፣ በየገበያው አንድ አለ። ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ ምላሱ ማር ነው። "ማረቆ ነው፣ የራሴ ማሳ ነው፣ ዛሬ ሌሊት ነው የገባሁት" ይላል። ከፊቱ አፉ የተከፈተ ጆንያ አለ። ዛላው ረጅም፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ፣ ልክ ማረቆ የሚባለው። አንዱን አንስቶ ጆሮዬ ሥር አንቀጫቀጨው፣ ፍሬው ተንሿሿ። ከዚያ ለሁለት ቀጭ አደረገው። ሽታው ሰነፈጠኝና አስነጠሰኝ። "ይማርሽ የኔ እናት፣ በርበሬ ማለት ይሄ ነው" አለኝ። ኪሎውን 480 ጠርቶ 450 ላይ ተስማማን። 12 ኪሎ፣ 5,400 ብር።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። "ልጁ እየመዘነ ነው፣ አንቺ በቴሌብር ላኪልኝ" አለኝ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ይጠራልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ኔትወርኩ ይሽከረከራል። "ስሙ ወጣልሽ? ማን ይላል? አንብቢልኝ" ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ ስልኬ ላይ ነኝ፣ በርበሬው ሚዛን ላይ ሲገለበጥ በጆሮዬ ብቻ እሰማለሁ። ደረቅ ዛላ ሲገለበጥ ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ አልነበረም። እርጥብ ቅጠል ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ድፍን ድምፅ ነበር። ቀና ስል ልጁ ከድንኳኑ ጀርባ ካለ ሌላ ጆንያ ዝቆ ጨርሷል፣ ከፊተኛው ሁለት እፍኝ ከላይ እየጨመረበት ነው።

"ከዚህኛው አይደለም እንዴ የምትመዝንልኝ?" አልኩት።

ሰውየው ሳቀ። "እናቴ፣ የአንድ ማሳ በርበሬ ምን ልዩነት አለው ብለሽ ነው?"

ዝም አልኩ። በዓይኔ አይቼ፣ በአፌ ጠይቄ፣ ዝም አልኩ። ብሩ ሄዷል፣ ከኋላዬ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፣ መጨቃጨቅ አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እናቴ በርበሬ ስትገዛ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ሳትከት ዋጋ እንኳን አትጠይቅም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቧ ቆሜ ያየሁትን ነገር እንዴት እረሳለሁ? ያፈርኩት ለማን ብዬ ነው?

ቤት ገብቼ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ዘረገፍኩት። ላዩ የሚያምረው ነው። ሥሩ ግን እጅ ላይ ይልሞሰሞሳል፣ እንደ ረጠበ ጆንያ ይሸታል። ውሃ ረጭተውበታል፣ እንዳይሰባበርም ሚዛን እንዲያነሳም። አራት ቀን ሙሉ አስጥቼ ጎረቤቴ ያለው ሱቅ አስመዘንኩት። 9 ኪሎ። ሦስት ኪሎ ውሃ ነው በ1,350 ብር የገዛሁት ማለት ነው።

ውሃው ብቻ ቢሆን እኮ ተውኩት ነበር። መቀንጠስ ስጀምር አንዱን ዛላ ከፈት አደረግኩት። ከውጭ ምንም የለበትም፣ ቀይ ነው። ውስጡ ግን ፍሬው ተያይዞ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ግራጫ ሻጋታ ተጋግሯል። ሌላ ከፈትኩ፣ ያው ነው። ሻጋታ የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ብታጥቡት አይለቅም፣ ብትፈጩትና ብትቀቅሉትም አይጠፋም፣ የሚጎዳውም ጉበትን ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጆቼ ሳህን ላይ ላደርገው የነበረው ይሄንን ነው። ደህና የሚመስለውን ለይቼ ልጠቀም አሰብኩና አልሆነልኝም። ሁሉንም ጣልኩት፣ ለምስክር ብዬ አንድ ፌስታል ብቻ አስቀረሁ።

ዛሬ ያንን ፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። "እኔ አንቺን አላውቅሽም።" ልጁ ደግሞ "ማሚ፣ ቤትሽ ውስጥ ውሃ አስነክተሽው ይሆናል" አለኝ። ለሰውየው የቴሌብሩን መልእክት አሳየሁት። "የኔ ስም ነው እንዴ?" አለ። አይደለም፣ የሌላ ሰው ስም ነው። ያን ዕለት ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔው ነኝ።

ንዴቴ ገንፍሎ "ማሳህ ከቆሼ በየት በኩል ነው?" አልኩት። "ቆሻሻ አልሸጥኩልሽም፣ አፍሽን ሰብስቢ!" ብሎ ጮኸብኝ። ቆሼ እኮ የማረቆ ዋና ከተማ ናት! የማረቆ ገበሬ ነኝ የሚል ሰው ቆሼ ሲባል የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ብቻ ነው የመጣለት። ዝቅ ብላ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት በኋላ ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ሌሊት መርካቶ ከበርበሬ በረንዳ ነው የሚጭኑት። እውነተኛው የማረቆ ገበሬ ለፍቶ ያመጣው ስም ነው በዚህ ሰው አፍ የሚቆሽሸው።

ሰደርያ የለበሰውን አስተባባሪ ለመንኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ደረሰኝ?" አለኝ። አልሰጠኝም አልኩት። "ታዲያ እኛ ምን እናድርግሽ? አይተሽ ነው የገዛሽው።" በቃ፣ ይሄው ነው። ፌስታሉን ከፍቶ እንኳን አላየውም።

በርበሬ የምትገዙ፣ እጃችሁን እስከ ጆንያው ሥር ክተቱ፣ ከመሐልና ከሥር አውጥታችሁ አምስት ስድስት ዛላ ክፈቱ። ተመዝኖ ዘንቢላችሁ ውስጥ ሳይገባ ስልካችሁን አታውጡ። የተቀባዩ ስም የሻጩ ካልሆነ አትላኩ።

ስወጣ ዞር ብዬ አየሁት። አንዲት ነፍሰ ጡር ፊቱ ቆማለች፣ ከፊተኛው ጆንያ አንድ ዛላ አንስቶ ጆሮዋ ሥር ያንቀጫቅጭላታል። ተመልሼ ሄድኩና "እህቴ፣ ከኋላ ነው የሚመዝንልሽ፣ ጀርባ ያለውን ጆንያ ክፈት በይው" አልኳት። ሰውየው ሰደበኝ። እሷ ግን ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።