የእማዬን ድምፅ የት ላስቀምጠው? አይክላውድ ወይስ ቴሌግራም

አሜሪካ ለምትኖሩ፦ አይፎን ላይ የቮይስሜይል መልእክቱን (ስልኩን ሳታነሱ ስትቀሩ ደዋዩ የተወላችሁን ድምፅ) ከፍታችሁ የሼር ምልክቷን ንኩ።

አንዱ መንገድ «ፋይልስ» በሚባለው የአይፎን መተግበሪያ ውስጥ፣ አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ማስቀመጥ ነው። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ፎቶ ቶሎ ይሞላዋል። ግን ድምፁ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል። ስም ታወጡለታላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይም ትገለብጡታላችሁ።

ሌላው በቴሌግራም ለራስ መላክ። ይሄ ቀላል ነው፤ አገር ቤት ላለ ዘመድ ለማስተላለፍም ይመቻል። ጣጣው፣ ለረጅም ጊዜ ካልገባችሁበት አካውንቱ ራሱን ያጠፋል። ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

እኔ የእማዬን «ልጄ፣ በሰላም ገባሽ ወይ?» ፋይልስ ላይ ነው ያኖርኩት። ለቀጠሮ ማስታወሻማ ቴሌግራም ይበቃል። ብቻ ስልክ ቁጥር ወይም የስልክ ኩባንያ ከመቀየራችሁ በፊት አድርጉት፤ መስመሩ ሲዘጋ ቮይስሜይሉም ሊጠፋ ይችላል።