ለፊልድዎርክ አዲስ አበባ ለምትመጡ ፒኤችዲዎች፦ የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት

ይሄን ምጽፈው በተለይ ዴቨሎፕመንት ስተዲስ ውጪ አገር እየተማራችሁ ለመረጃ ማሰባሰብ ወደ አገር ቤት ለምትመጡ ነው። ከቦሌ ከወጣን በኋላ ምናደርገው ነገር የታወቀ ነው፣ ሲም ካርድ፣ ከዛ የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ፣ ከዛ ካዛንቺስና ቦሌ ያሉ የፕሮጀክት ቢሮዎችን እየዞሩ ኢንተርቪው መለመን፣ ከዛ በባስ ወደ ወረዳ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ቤተ መጻሕፍት ደሞ መመለሻ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ በተረፈች ቀን ነው ሚታየው፣ እሱም ከታየ። እኔ ግን መጀመሪያ እዛ ተቀመጡ ነው ምለው፣ ወረዳው የትም አይሄድም።

ምክንያቱን በምሳሌ ልንገራችሁ። ርዕሳችሁ አርሲ ውስጥ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ነው እንበል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ድጋፍ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተጀመረ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነበር፣ ካዱ ይሉታል የዛን ጊዜ ሰዎች። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጠ፣ ምርት ጨመረ፣ ምርት ሲጨምር መሬቱ ተፈላጊ ሆነ፣ መሬቱ ተፈላጊ ሲሆን ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጢሰኛውን ማስነሳት ጀመረ። ለትንሹ ገበሬ ተብሎ የመጣ ፕሮጀክት ብዙ ጢሰኛ አፈናቀለ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጢሰኝነት እስኪቀር ድረስ ይሄ ጉዳይ ሲያከራክር ነበር። የዛን ዘመን ጥናትና ሪፖርት ሳታነቡ አርሲ ሄዳችሁ "ብድር ወስደው ያውቃሉ?" ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ የሚመልሱላችሁን ግማሹን አትረዱትም፣ ምክንያቱም እሳቸው የሚያወሩት የአባታቸውን መሬት ጭምር ነው። ወላይታም እንደዛው ነው፣ እዛም በ1962 አካባቢ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ተጀምሯል፣ ቀጥሎም ወጪው ይቀንስ ተብሎ ሚኒመም ፓኬጅ የሚባለው፣ ማዳበሪያና ብድርን የመሰለ ዋና ዋናውን ብቻ የሚያቀርብ ቀለል ያለ ፕሮግራም መጣ። በ1997 የተጀመረውን ሴፍቲኔት (የምግብ ዋስትና ለሌላቸው የገጠር ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠውን ፕሮግራም) የምታጠኑም ብትሆኑ ከዛ በፊት ምግብ ለሥራ በሚል የተሞከረውን ሳታውቁ መጠይቅ አታዘጋጁ።

ሌላ ነገር። ውጪ ክላስ ውስጥ የወሎን የ1965 ረሃብ የሚያውቀው ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል በህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር በአማርትያ ሴን በኩል ነው ሚያውቀው፣ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይወደድ ሰዉ የሚገዛበት አጥቶ ተራበ የሚለው ክርክር ማለት ነው። ትልቅ ክርክር ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ሆላንድ ዘ ሄግ ተቀምጦ ይሄን ማንበብና ስድስት ኪሎ የዛን ጊዜ የአማርኛ ጋዜጣና ጥናት ፊት ለፊት አድርጎ ማንበብ አንድ አይደለም። ጋዜጣው ስለ ወሎ ዝም ያለበትን ሳምንት ሁሉ ስታገላብጡ ዝምታው ራሱ መረጃ ይሆናል፣ ይሄን ደሞ ዳታቤዝ ላይ ሰርች አድርጋችሁ አታገኙትም።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ለኔ የቤቱ ትልቁ ሀብት እዛ የሚሰሩት ሰዎች ናቸው። አንድ እናት ስለ ካዱ የጠየቅኩትን አምጥተው ሰጡኝና ቆም ብለው "ልጄ ይሄ ብቻ አይበቃሽም፣ ያኔ ተማሪዎቹ የጻፉትም አለ፣ እሱንም እዪው" አሉኝ። "እትዬ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀበልኩ፣ የድሮ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፣ በታይፕራይተር የተመታ፣ ልጆቹ የራሳቸው አገር ሄደው ገበሬ አነጋግረው የጻፉት። እኔ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ ጠቅሼ የማላውቀው ዓይነት ዝርዝር እሱ ውስጥ ነው ያለው። እና ስትገቡ ሰላምታ ስጡ፣ ርዕሳችሁን ረጋ ብላችሁ አስረዱ፣ የመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ጽፎ ማቀበል የሚያውቁትን እንዳይነግሯችሁ ያደርጋል።

ቤቱ ራሱ ታሪክ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ግቢ ነው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተገደሉትም እዚሁ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ተቋሙ የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ሙዚየሙንም እዩት፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር አለ። ስለ መንግሥትና ልማት ቲዎሪ ስናነብ ለምንውል ሰዎች ሥልጣን ይኖርበት የነበረውን ክፍል በዓይን ማየት ደስ ይላል።

ስለኛ ኑሮ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ቦታውን የወደድኩት በሱም ጭምር ነው። ፊልድዎርክ ላይ ያለ ፒኤችዲ ኑሮው ሻንጣ ላይ ነው፣ እዛ የቤት ኪራይ አላቆመም እዚህ ሌላ ኪራይ ይከፍላል፣ ሱፐርቫይዘር በዙም ምዕራፍ ሁለት የት ደረሰ ይላል፣ ዘመድ ደሞ "መቼ ነው ምትጨርሺው" ይላል፣ አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለመፈረም ነገ ነገ እያለ ወሩን ይበላዋል። እንደዛ ስትንከራተቱ ሁልጊዜ ምትመለሱበት አንድ ጠረጴዛ መኖሩ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ደሞ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ እንደናንተው መረጃ ላይ ያለ ነው፣ አንዱ ስለ መስኖ አንዷ ስለ አረብ አገር ተመላሾች፣ ለሻይ ስትወጡ የትኛው ወረዳ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ጥሩ አስተርጓሚ የት እንዳለ ትለዋወጣላችሁ፣ ይሄንን ደሞ ማንም ሜቶዶሎጂ ኮርስ አያስተምርም።

ለመግባት መታወቂያና ከዩኒቨርሲቲያችሁ የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑን ቤት ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ስትፈልጉ የዛሬውን ዞንና ወረዳ ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የድሮውን አውራጃና ጠቅላይ ግዛት ጽፋችሁ ያዙ፣ አሰላን ብትፈልጉ ጭላሎ አውራጃ ብላችሁ ነው፣ ወላይታን ብትፈልጉ ደሞ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ስር ነው። ለአህጉር ደረጃ ሪፖርት ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን)፣ ለቆየ የመንግሥት ሰነድ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይሻላችኋል፣ ስለ አንድ አካባቢ የተጻፈ ጥናት ከሆነ ግን እዚህ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የገጠር መንገድ ጭቃ ነው ገበሬውም እርሻ ላይ ነው፣ ስለዚህ ክረምቱን ለቤተ መጻሕፍት አድርጉትና ከመስቀል በኋላ ውጡ። ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲው እረፍት ስለሆነ የሚከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ።