በስምንተኛው ቀን ወይስ ከጎለመሱ በኋላ?

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። የሕፃን ቁስል ቶሎ ይጠግጋል። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ምላጭ ግን መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ «የአባቶቻችን ልማድ ነው» ብሎ ይህን ማለፍ ያሳዝነኛል።

በጋምቤላ ብዙ ወንዶች ካደጉ በኋላ፣ ራሳቸው ወስነው በጤና ተቋም ተገርዘዋል። ማደንዘዣ አለ፤ ሆኖም ሌሊት ብልት ሲቆም ስፌቱ ይወጠራል፤ ከግንኙነትም ስድስት ሳምንት መታቀብ ግድ ነው።

በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኮንዶምን ግን አይተካም!

እርካታስ? በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር የሚችለው ጎልምሶ የተገረዘው ብቻ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ጥናቶች ከተገረዙት አብዛኞቹ እርካታችን አልቀነሰም ብለዋል።