ለአምፕሊፋየር ስታቢላይዘር ይሻላል ወይስ ዩፒኤስ?
መብራታችን 220 ቮልት ነው ቢባልም፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል። ያኔ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ቤዙ ይታፈናል። እዚህ ላይ ስታቢላይዘር ያዋጣል፤ የወረደውን ከፍ፣ የበዛውን ዝቅ ያደርጋል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ሪሌው (ውስጡ ያለው በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲቀያይር ነው። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል።

ዩፒኤስ በባትሪ ያቆያል። ችግሩ ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ እንደ መስመሩ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር እዝዝ ሊል ይችላል፤ ጆሮህን ወደ ስፒከሩ ሳይሆን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠጋና ስማው። ንጹህ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጠው ደግሞ ውድ ነው።

እኔ ለሙዚቃ ስታቢላይዘር እመርጣለሁ፣ ያውም መብራት ሲመለስ ጥቂት አዘግይቶ የሚለቀውን። ስፒከሩ ሁልጊዜ እምም የሚል ከሆነ ግን ሁለቱንም ከመግዛትህ በፊት ግራውንዱን (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) አስፈትሽ።