የእንጨት ወይስ የላሜራ? ያገለገለ አይሱዙን የጭነት ሳጥን በአነስተኛ ገንዘብ ማደስ

ጎንደር ላይ ያገለገለ አይሱዙ የገዛ ሰው ኪሱ ከሳሳ በኋላ የሚጨነቀው በጭነት ሳጥኑ ነው። ወለሉና ስፖንዳው (የጎን ግድግዳው) በላሜራ ይሠራ ወይስ በእንጨት?

ብዙዎች ላሜራ ይከብዳል ይላሉ። ስሌቱ ግን ሌላ ነው፦ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 25 ሚሊ ሜትር የባሕር ዛፍ ጣውላ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ላሜራ ሰሊጥና ማሽላ አያፈስም፣ ለማጠብም ይቀላል። ጠላቱ ዝገት ነው፤ በተለይ ከብት ለሚጭን ሰው የከብቱ ሽንት ብየዳውን ቶሎ ይበላዋል። ደግሞም ባትሪው ሳይፈታ ከተበየደ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል፤ ይህን ለበያጁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

እንጨት በርካሽ ይጀመራል፤ የተሰበረው ጣውላ ብቻ ተለይቶ ይቀየራል። እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የደረቀ ይመረጥ። ሚስማር ጆንያ ስለሚቀድ በብሎን ይታሰር።

ከብትም እህልም እያፈራረቀ ለሚጭን ባለ ጥቂት ገንዘብ፣ እኔ ያለ ማመንታት እንጨቱን እመርጥለታለሁ። የተረፈው ብር የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ለፍሬን ሸራና ለጎማ ይዋል፤ ቀለሙ ለከርሞ ይቆይ።